ጠማማዋ በቀቀን

ልብ የተንጠለጠለበትን ዕቃ ቀድመው አያዩትም። ይህ በቡጅ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር በሚዘረጋው የእጅ ሥራ ገበያ፣ ማንም ሳያስተምር ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ነው። ገዢ ዓይኑን አምባሩ ላይ ያሳርፋል፣ የትራስ ልብሱን ዋጋ ይጠይቃል፣ በምንጣፉ ውድነት አፉን ይይዛል፤ የሚፈልገውን ግን እንደማያውቁት ሰው ያልፈዋል። ሊሄድ ሲል፣ እግረ መንገዱን የሚያነሳው እሱን ነው።

ሃንሱ ይህን ሕግ መራመድ ከጀመረች አንሥቶ ታውቀዋለች። ሆኖም በዚያ የብርድ ወር ከሰዓት በኋላ፣ በሁለት የኒም ዛፎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ አንድ ቶራን ተንጠልጥሎ ስታይ ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች። በገበያው ማንም ገዢ የማያደርገውንም አደረገች፤ ፊቱን ሳትመለከት ጫፉን ይዛ ገለበጠችውና ጀርባውን አየች።

ቶራን ከበር ጉበን ላይ የሚሰቀል ጥልፍ ነው። ከላይ እንደ መቀነት የረዘመ ጨርቅ፣ ከሥሩ በቅጠል ቅርጽ የተቆረጡ ምላሶች። በእያንዳንዱ ምላስ ላይ አንዲት ወፍ፣ በእያንዳንዷ ወፍ ሆድ ላይ አንዲት ክብ መስታወት። ሙሽራ ሊያገባ ሲመጣ ከሥሩ ያልፋል። በሃንሱ መንደር ልጅ ስትዳር ሰው ቀና ብሎ መጀመሪያ የሚያየው ሙሽራውን ሳይሆን ጉበኑን ነው።

በጀርባው ላይ ቋጠሮ አልነበረም። ሌላ ሴት ሁሉ ክር ሲያልቅባት ትቋጥራለች። የሃንሱ እናት ጂቪ ግን አትቋጥርም ነበር፤ ክሩን ወደ ኋላ መልሳ ከራሱ ስፌት ሥር ትቀብረው ነበር። «ቋጠሮ ያለበት ጨርቅ ቤት ውስጥ ቂም ያሳድራል» ትል ነበር። ሃንሱ ጣቷን በጀርባው ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈች። የገታት ነገር አልነበረም።

ቶራኑ የተጠለፈው ለሃንሱ ሠርግ ነበር። ምድር በተንቀጠቀጠች ዓመት የቤታቸው ግድግዳ ወደቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ነጋዴዎች በጭነት መኪና መጡ። ከፍርስራሽ የተረፈ ጥልፍ ይገዙ ነበር። እናቷ ቶራኑን ሰጥታ የጣሪያ ቆርቆሮ ገዛች። ሃንሱ የተዳረችው በማንጎ ቅጠል ሥር ነው። ቅጠሉም ያምር ነበር፤ እናቷ ግን በሠርጉ ዕለት ወደ ጉበኑ ቀና አላለችም። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ በገበያ ያገኘችውን ጥልፍ ጀርባውን ሳትገለብጥ አልፋ አታውቅም።

አሁን የሃንሱ ልጅ ኪንጃል ልትዳር ነው። ጨረቃ ስትሞላ ሙሽራው ይመጣል። ሃንሱ ከባሏ ታላቅ እህት ከላክሙ ጋር ገበያ የወጣችው ለልጅቷ የብርጭቆ አምባር ልትገዛ ነበር። በጉያዋ፣ በጨርቅ ቦርሳ ውስጥ፣ አራት ሺህ ሩፒ አለ። የጎሽ ወተት ገንዘብ ነው፤ ከዚያ ሌላ የላትም።

ላክሙ ከኋላ ደርሳ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«አብደሻል?» አለች በሹክሹክታ። «እንዲህ ተጣብቀሽበት ማን ይቀንስልሻል? ልቀቂው፤ አምባር እንደምታይ ሰው ሁኚ።»

«እፈልገዋለሁ፣ ላክሙ ቤን» አለች ሃንሱ፤ ቤን እህት ማለት ነው።

«መፈለግሽንማ ሐይቁ ላይ ያሉት ዳክዬዎችም አወቁ።»

ላክሙ በመንደሩ የታወቀች ተከራካሪ ናት። ጨው ነጋዴ እሷን ሲያይ ግመሉን ያዞራል ይባላል። ሃንሱ ግን የእናቷን ነገር አልነገረቻትም። ቃሉ ከአፏ ከወጣ እዚያው እንደምታለቅስ ታውቃለች፤ ያለቀሰ ገዢ ደግሞ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል።

የመደቡ ሻጭ ካንኩ ባ ነበሩ። «ባ» እናት ማለት ነው፤ ገበያተኛው ሁሉ የሚጠራቸው እንዲያ ነው። ደቃቃ ሴት ናቸው፤ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው በንቅሳት ጠቁሯል፣ የፊት ጥርሳቸው ካለቀ ቆይቷል። ዕቃው የእሳቸው አይደለም። የባላቸው ወንድም ልጅ ቪራም ገዝቶ ያመጣል፣ ዋጋ ይቆርጣል፤ እሳቸው ይሸጣሉ። በዚያ ሰዓት ቪራም ከኋላቸው፣ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር።

«ይሄ የትራስ ልብስ ስንት ነው?» አለች ላክሙ በአገጯ እያመለከተች።

«አምስት መቶ። ላንቺ አራት መቶ ሃምሳ፤ መልክሽ የእህቴን ልጅ ይመስላል።»

«የእህትዎን ልጅ እንዲህ ነው የሚገፏት?»

«እሷንማ ስድስት መቶ ነው የምላት። አፏ ያንቺን ያህል አይጣፍጥም።»

ላክሙ ሳቀች። ተከራካሪ ተከራካሪን ሲያገኝ ደስ ይለዋል። የትራስ ልብሱን አነሳች፣ ጣለች፤ ስለ ምንጣፍ ጠየቀች፤ የሕፃን ቆብ አንሥታ በጡጫዋ ላይ አጠለቀች። ከዚያ እንደ ተሰላቸ ሰው ወደ ገመዱ ዞረች።

«ያስ? ያ አሮጌው የበር ጨርቅ?»

«ቶራኑ? ዘጠኝ ሺህ።»

«ዘጠኝ ሺህ! በሩም አብሮ ነው?»

«በሩን አንቺ አምጪ፣ ሙሽራውን እኔ እመርቅልሻለሁ።»

«ሙሽራስ አለኝ፤ እሱንም በቅናሽ ነው ያገኘሁት» አለች ላክሙ። «ሁለት ሺህ።»

ቪራም ከስልኩ ቀና አለ። «እህቴ፣ በሁለት ሺህ ፎቶውን ላንሳልሽ።»

ላክሙ ሃንሱን በክርኗ ጎሰመቻት። «አጣጥይው እንጂ» አለቻት ጥርሷን ሳትከፍት። «ዝም ያለ ገዢ ወዷል ማለት ነው።»

ዋጋ የሚወርደው በነቀፋ ነው። ሃንሱ ይህንንም ታውቃለች። የእናቷን እጅ ለማስመለስ የእናቷን እጅ መስደብ አለባት።

«መስታወቱ ደብዝዟል» አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም።

«ዓይኑ ጠፍቷል በያቸው!» አለች ላክሙ።

«ቀዩም ለቋል።»

«ጭራሽ ነው የለቀቀው!»

«ይቺ ደግሞ…» ሃንሱ ቃሏን ገታች። ጣቷ ከዳር ባለችው ወፍ ላይ ነበር። ሌሎቹ በቀቀኖች ደረታቸውን ነፍተው ወደ ፊት ያያሉ። ይቺኛዋ ግን አንገቷ ተጣሞ ጎረቤቷን በጎሪጥ ታያለች፤ አንድ እግሯም ከሌላው ያጥራል። ሃንሱ ቀጠለች። «ይቺ ደግሞ ጠማማ ናት። የጠለፈቻት ሴት መርፌ መያዝ አታውቅም።»

ከካንኩ ባ ፊት ሳቁ ጠፋ።

«እሷን ተያት» አሉ። «ሌሎቹን እንደ ፈለግሽ ስደቢ። ይቺ የልጅ እጅ ናት። አጠገቧ ያሉትን እስቲ እያቸው፤ እናትየው እንዲህ የምትጠልፍ ሴት ነበረች። ይቺን መፍታት ምን ይከብዳታል? አልፈታቻትም። ሙሽራ ከሥሯ እንደሚያልፍ፣ አገር ቆሞ እንደሚስቅ እያወቀች፣ እንዳለች ተወቻት። በእኔ እጅ ያለፈው ጥልፍ ቢዘረጋ ይህን ሐይቅ ይከድናል፣ ልጄ። እንዲህ ያደረገች እናት ግን ብዙ አላየሁም።»



ወፏን የጠለፈቻት ሃንሱ ራሷ ናት፤ ገና ልጅ ሳለች። እናቷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቃ መርፌውን አነሳች፤ ልታስደስታት። እናቷ ተመልሳ እንስራዋን ሳታወርድ ወፏን አየቻት፤ ቆማ አየቻት። ጂቪ የራሷ ስፌት ፀጉር ታህል ቢዛነፍ ፈትታ የምትደግም ሴት ነበረች። ያን ዕለት ግን «አረንጓዴ ክር አልቋል፤ ብፈታት በምን እደግማታለሁ?» ብላ ጨርቁን አጠፈችው። ሃንሱም አመነቻት፤ እስከ ዛሬ አመነቻት።

አሁን ከጠማማዋ በኋላ እናቷ የጠለፈቻቸውን በቀቀኖች አየች። አረንጓዴ ናቸው፤ እስከ ጫፍ ድረስ ሁሉም አረንጓዴ። ያው ክር፣ ያው ቀለም። ክሩ አላለቀም ነበር።

«ሦስት ሺህ» ትል ነበር ላክሙ። «ይሄ የመጨረሻዬ ነው።»

«ባ፣ ከዘጠኝ በታች እንዳይነኩት» አለ ቪራም። «የሙምባዩ ሰውዬ ነገ ከሰዓት ይመጣል። እሱ ሳይከራከር ነው የሚወስደው።»

ላክሙ የትራስ ልብሱን መልሳ ወረወረችና ሃንሱን በክንዷ ይዛ ዞረች። «አሁን እንሄዳለን» አለቻት በሹክሹክታ። «ወደ ኋላ እንዳታዪ። ከአምባር ሻጩ ሳናልፍ ይጠሩናል።»

ይህም ሕግ ነው፤ ገዢ ይሄዳል፣ ሻጭ ይጠራል። ቀስ ብለው ሄዱ። የአምባር ሻጩን የማምድን መደብ አለፉ። የመዳብ ቃጭል የሚቀጠቅጠውን ሰው አለፉ። ሃንሱ ከቃጭሉ ድምፅ ሥር የአንዲት አሮጊት ድምፅ ፈለገች። ማንም አልጠራም። ከሐይቁ ጫፍ ሲደርሱ ላክሙ እርምጃዋን ገታች፤ ፊቷ ላይ ሃንሱ አይታው የማታውቀው ኀፍረት ነበር።

«እንመለስ» አለች ሃንሱ።

«በዚሁ ቀን? በዚሁ ቀን የተመለሰ ገዢ ልቡን አስረክቧል። ዘጠኝ ካሉሽ ዘጠኝ ነው።»

አውቶቡስ ውስጥ፣ ከተማው ከኋላቸው ከቀረ በኋላ፣ ሃንሱ ሁሉንም ነገረቻት። ቆርቆሮውን፣ የማንጎ ቅጠሉን፣ ቋጠሮ የሌለውን ጀርባ። ላክሙ መከናነቢያዋን ወደ ፊቷ ስባ ሰማች።

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? በጂቪ ማሲ ጥልፍ ላይ አላሾፍም ነበር።» ማሲ አክስት ማለት ነው፤ ላክሙ ጂቪን እንዲያ ነበር የምትጠራት።

«ያሾፍሽው አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ላክሙ በጉልበቷ ላይ ያለውን ዘንቢል መታች። «ነገ ጠዋት እንመለሳለን። መክፈቻ እንሆናለን።»

የቀኑ የመጀመሪያ ገዢ መክፈቻ ናት። የሀብት እንስት አምላክ ላክሽሚ የላከቻት እንግዳ ናትና ባዶ እጇን አትመለስም፤ የመለሳት ሻጭ ያን ቀን ዝንብ ሲያባርር ይውላል። ስለዚህ ሻጭ ለመክፈቻ ለሌላ የማይቀንሰውን ይቀንሳል። ደግሞም ቪራም ጠዋት ጠዋት ዕቃ ለማድረስ ወደ መሐል ከተማ ይሄዳል፤ ቀትር ሳይሆን አይመለስም። ላክሙ ይህን ሁሉ አስባዋለች። ከዘጠኝ ሺህ እስከ አራት ሺህ ያለው መንገድ ግን ረጅም መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ አልተናገሩትም።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ፀሐይ ገና አልሞቀችም ነበር። ከግማሽ መንገድ በኋላ አውቶቡሱ ቆመ። ከፊታቸው የሙሽራ ሰልፍ መንገዱን ሞልቶታል፤ ሙሽራው ነጭ ፈረስ ላይ፣ ከበሮ መቺዎቹ ከፊት፣ አክስቶቹ በዙሪያው ይጨፍራሉ።

«ጡሩምባውን ንፋው እንጂ!» አለች ላክሙ።

ሹፌሩ ዞር ብሎ አያት። «በሙሽራ ላይ? እናቴ ታንቀኛለች።» ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም እየጨፈረ ታየ።

«ዕድሜ ይስጥህ ልጄ» አለች ላክሙ በመስኮት ወደ ሙሽራው። «ጤና ይስጥህ። ፈረስህ ግን ምነው እንደ ኤሊ ይሄዳል!»

ሃንሱ አልሳቀችም። የሙሽራው ፊት በአበባ ጉንጉን ተሸፍኗል። የዚህም ሙሽራ መንገድ አንድ ጉበን ሥር ያበቃል ብላ አሰበች፤ በዚያ ጉበን ላይ የአንዲት ሴት እጅ አለ።

ገበያው ሲደርሱ ፀሐይ ከዛፎቹ በላይ ወጥታለች። ከትልቅ አውቶቡስ የወረዱ እንግዶች በሞላ ከረጢት ወደ መኪናቸው ይመለሳሉ። መደቡ ሁሉ ተዘርግቷል፣ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። የመክፈቻው ሰዓት አልፏል።

«ባይሆን አይቼው እመለሳለሁ» አለች ሃንሱ።

በሁለቱ የኒም ዛፎች መካከል ያለው ገመድ ባዶ ነበር።

ሃንሱ «ተሸጠ» ብላ ደመደመች። ቀጥሎ ግን ሌላውን አየች። የትራስ ልብሱ፣ ምንጣፉ፣ የሕፃን ቆቡ፣ አንዱም አልተዘረጋም። ሁሉም በትልቅ አንሶላ ሥር ተከምሯል፤ ከክምሩ አጠገብ ካንኩ ባ ተቀምጠው የወተት ሻያቸውን በሳህን ላይ እያቀዘቀዙ ይጠጣሉ።

«እናንተ ሰዎች አንድ ነገር በሏቸው!» ጮኸ ማምድ ከአምባሮቹ መሐል። «ባ ዛሬ ጤና የላቸውም። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ያባርራሉ። ያን ሁሉ የሙምባይ ሕዝብ ‹ገና አልከፈትኩም› ብለው መለሱት! ፀሐይ ጭንቅላታችን ላይ ወጥታ ‹አልከፈትኩም›!»

«አምባርህን ሽጥ፣ አንተ» አሉ ካንኩ ባ። ሳህኑን አስቀምጠው ሃንሱን ቀና ብለው አዩአት። «የት ነበርሽ? ሴት ልጅ ለመክፈቻ እንዲህ አርፍዳ ትመጣለች?»

«ሙሽራ… መንገድ ላይ ሙሽራ ነበረ፣ ባ» አለች ሃንሱ። «እንደምመጣ በምን አወቁ?»

«ትናንት መጀመሪያ ያየሽው ጀርባውን ነው። ገዢ ፊቱን ነው የሚያየው። ጀርባ የምትገለብጥ የጠፋባት ናት።» አንሶላውን በመዳፋቸው አበሱ። «የእኔም በጭነት መኪና ሄዷል፤ ያኔ፣ በዚያው ዓመት። እስከ ዛሬ ቪራም ዕቃ ባመጣ ቁጥር ጀርባ ጀርባውን ነው የማየው።»

«አገኙት?»

«አላገኘሁትም።»

ላክሙ ግን አላስቻላትም። «ታዲያ ትናንት ምናለ ቢጠሩን? አንገቴ እስኪጣመም ነው የጠበቅሁት!»

«ቪራም ከኋላዬ ቆሞ? ብጠራችሁ በዘጠኝ ሺህ ነው የምጠራችሁ። መክፈቻን ግን እሱም ይፈራል። ‹መክፈቻ ነበረች› ካልኩት አፉን ይዘጋል፤ ደግሞ በስንት እንደ ገዛው አውቃለሁ፣ አይከስርም።»

«እንግዲያውስ ይስጧትና እንሂድ!»

«ልስጣት?» ካንኩ ባ ደነገጡ። «ስጦታ መክፈቻ ይሆናል? መክፈቻ በዋጋ ነው፤ ዋጋም በክርክር ነው። ቪራም መጥቶ ማምድን ሲጠይቀው ‹በደንብ ተከራክረዋል› ማለት አለበት። ነይ ቁጭ በይ። ተከራከሪ።»

አንሶላውን ገለጡት። ቶራኑ ከላይ ነበር፤ ጀርባው ወደ ሰማይ። ካንኩ ባ ገልብጠው በጉልበታቸው ላይ ዘረጉትና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ዘጠኝ ሺህ!»

ላክሙ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሃንሱ ግን እጇን በላክሙ ክንድ ላይ አኖረች። ትናንት ማታ አልተኛችም፤ የተናገረቻቸው ቃላት አጠገቧ ተኝተው አድረዋል።

«ዘጠኝ ሺህ ይገባዋል» አለች። «ከዚያም በላይ ይገባዋል።»

የማምድ አምባሮች ተንሿሹ። ላክሙ ግንባሯን ያዘች። ካንኩ ባ ሃንሱን አፍጥጠው አዩአት፤ ከዚያ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጠበበ፣ ድዳቸው ታየ።

«እንዴት አድርጎ ይገባዋል?» አሉ ተቆጥተው። «አታይም እንዴ? መስታወቱ ደብዝዟል!»

«ብዙ ፊት አይቶ ነው፣ ባ።»

«ደብዝዟል አልኩሽ። ስምንት! ቀዩስ? ለቋል።»

«ፍርስራሽ ሥር፣ ዝናብ ላይ አድሮ ነው። እኔም ያኔ አብሬው አድሬያለሁ፤ እኔም ለቅቄያለሁ።»

«ሰባት! ብልስ? ይኸው ብል በልቶታል!»

«ብሉን አልፈርድበትም። እኔም ብል ብሆን ይህን ነበር የምበላው።»

«ስድስት!» ካንኩ ባ መሬቱን መቱ። «ኧረ እንዴት ያለች ደረቅ ልጅ ናት! ልትከስሪ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«አንድ ጊዜ ቆዩ!» አለች ላክሙ። «አሁን እኔ የማን ወገን ነኝ?»

«የእኔ ወገን ነሽ» አሉ ካንኩ ባ። «ስደቢው!»

«ይሄ… ይሄ ጠርዙ ተተልትሏል!» አለች ላክሙ ነፍስ ዘርታ። «አሮጌ ነው! ሽታውም የጭነት መኪና ነው!»

«አምስት!»

ከአምስት በታች የሚወስድ ነቀፋ ግን አልተረፈም። ካንኩ ባ ጨርቁን ከዳር ዳር ፈተሹ፤ ጣታቸው እየተጓዘ ከጫፍ ካለችው ወፍ ላይ ደረሰ። እዚያ ቆመ። 

«ይቺን አልችልም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይቺን አልሰድብም።»

ማምድ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። በሃንሱ ጉያ ያለው አራት ሺህ ነው።

ሃንሱ ጎንበስ ብላ ጣቷን ከአሮጊቷ ጣት አጠገብ አሳረፈች።

«እኔ እሰድባታለሁ» አለች። «መብቱ የእኔ ነው። አንገቷ ዞሯል። አንድ እግሯ አጭር ነው። ጎረቤቷን የምታየው ማንጎ ልትሰርቃት ይመስላል። የጠለፈቻት ልጅ ግራና ቀኟን አትለይም ነበር፤ መርፌው ሁለት ጣቷን ወግቷት ደሙን በቀሚሷ ጠርጋ ደብቃዋለች። ከእናቷ መጥለፍ አልተማረችም። የተማረችው ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም የተረዳችው ገና ትናንት ነው።»

እየሳቀች ነበር የጀመረችው። ስትጨርስ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ያለቀሰ ገዢ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል የሚለው ሕግ ትዝ አላት፤ ግን አላበሰችውም።

«አራት!» ጮኹ ካንኩ ባ፤ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «አራት ሺህ፣ ከዚያ ወዲህ የለም! ማምድ፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ ማምድ። «አላህ ያውቃል፣ እንዲህ ያለ ክርክር ግን ሰምቼ አላውቅም።»

ሃንሱ ገንዘቡን አወጣች። ካንኩ ባ ተቀብለው ግራና ቀኝ ዓይናቸውን አስነኩት፣ ከዚያ የመክፈቻው በረከት እንዲዳረስ የተከመረውን ዕቃ አንድ በአንድ በገንዘቡ ዳሰሱ፤ የትራስ ልብሱን፣ ምንጣፉን፣ የሕፃን ቆቡን። ቶራኑን በአሮጌ ጋዜጣ ሳይሆን ከራሳቸው ትከሻ ባወረዱት ሻሽ ጠቀለሉት። ጀርባውን ወደ ውጭ አድርገው።

«ቶራን የምትፈልግ እናት ሠርግ አላት፤ ሻሹን ለሠርጉ ስመጣ ትመልሺልኛለሽ» አሉ።

ሴቶቹ ገና ሳይነሡ ሌላ አውቶቡስ ቆሞ ሰው አወረደ። ገዢዎቹ በኒሞቹ ሥር ተሰበሰቡ፤ ምንጣፉ ተነሣ፣ የትራስ ልብሱ በሙሉ ዋጋ ሄደ። ካንኩ ባ ከሰው መሐል አንገታቸውን አውጥተው ጮኹ፦

«አየሽ? እግረ እርጥብ ነሽ!»

መመለሻ አውቶቡስ ላይ ላክሙ ሩቅ ድረስ አኩርፋ ተጓዘች። «ዕቃውን እያመሰገነች የምትከራከር!» ትላለች ለራሷ። «ሁለተኛ ካንቺ ጋር ገበያ አልወጣም። ለሰውም እንዳትነግሪብኝ። አምባሩንስ በምን ትገዢያለሽ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ትላለች።» ላክሙ ከእጇ ላይ የብር አምባሯን አወለቀች፤ በመከራ ነው የወጣው። «ይኸው። ለኪንጃል በውሰት ነው፤ ስጦታ እንዳይመስልሽ።»

የሠርጉ ዋዜማ የሃንሱ ባል ናራን ከበሩ ፊት አልጋ አቁሞ ወጣበት፤ ሃንሱ ሚስማር ታቀብላለች። ኪንጃል፣ እጇ ላይ ያለው ሂና ገና እርጥብ ነውና ምንም ሳትነካ፣ ራቅ ብላ ቆማ ቀጥ ማለቱን ትመለከታለች። ልትጠልቅ የተቃረበች ፀሐይ በጉበኑ ላይ አረፈች፤ የደበዘዙት መስታወቶች ተራ በተራ አበሩ።

«እማ» አለች ኪንጃል። «ይቺ የዳሯ ጠማማ ናት። ሰው ሳያያት አባባ ወደ ኋላ ይቀልብሳት?»

ናራን መዶሻውን ይዞ ሚስቱን ጠበቀ።

«ተዋት» አለች ሃንሱ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «አያትሽ ልትፈታት ነበር። አረንጓዴ ክር አልቆባት ነው።»

ኪንጃልም አመነቻት።